ቪዲዮ ማከራያውን ቴክኖሎጂ ገደለው አትበሉኝ

ባለፈው ሳምንት ያደግኩበት ሰፈር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሄጄ ነበር። ልጅ ሆነን ፊልም የምንከራይባት ሱቅ ዛሬ የሞባይል ከቨርና ቻርጀር ይሸጥባታል። ይሄስ አይገርምም፣ ያልተለወጠ ሱቅ የት አለ? የገረመኝ ከሱቋ ጀርባ ያለው የጎመን መደብ ነው። የድሮው አከራያችን እናት ወፍ ጎመናቸውን እንዳይለቅምባቸው ሲዲዎች በሲባጎ አስረው አንጠልጥለዋል። ንፋስ ሲነካቸው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ጠጋ ብዬ አንዱን አገላብጬ አየሁት። በማርከር የተጻፈው ርዕስ በፀሐይ ጠፍቶ «የፍቅር» የምትለው ቃል ብቻ ቀርታለች። ከስሯ ደግሞ «ክፍል 2» ይላል።

የፍቅር ምን? የአማርኛ ፊልም ግማሹ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። እማማን ብጠይቃቸው «እኔ ምኑን አውቄው ልጄ፣ ወፏን እስካባረረልኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ይሄን ታሪክ ለአንድ ጓደኛዬ ብነግረው ሳቀና «ምን ታደርገዋለህ፣ ቴክኖሎጂ ነው» አለኝ። ይሄ ጽሑፍ ለእሱ መልስ ነው። ቪዲዮ ማከራያ በተነሳ ቁጥር ሁላችንም ወይ በትዝታ እንንሰፈሰፋለን ወይ «ጊዜው ነው» ብለን እናልፋለን። ሁለቱም ስንፍና ነው። የኔ ክርክር አጭር ነው፦ ቪዲዮ ማከራያዎቹ ሳያውቁት የዚህ አገር የፊልም ቤተ መዛግብት ነበሩ፤ ሲዘጉ ዕቃቸውን የተረከበ አልነበረም፤ ስትሪሚንግ የሚባለው ነገርም አልተረከበውም፣ ሊረከበውም አይችልም።

መጀመሪያ «ኔትፍሊክስ ገደላቸው» የሚለውን ተረት እንተወው። ኔትፍሊክስ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ 130 አገሮች በአንድ ጊዜ የገባው በጥር 2016 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ የሰፈራችን ማከራያ ከሞተ ቆይቷል። ዛሬም ቢሆን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይዞ በየወሩ ለኔትፍሊክስ የሚከፍል የሰፈራችሁን ሰው ቁጠሩልኝ።

የኛን ማከራያ መጀመሪያ ያቆሰለው ዲሽ ነው። ጣሪያ ላይ ሳህን ተሰቅሎ ኤምቢሲ ቱ በነፃ ሲገባ፣ የእንግሊዝኛ ፊልም ከነዐረብኛ ጽሑፉ ቀኑን ሙሉ እየፈሰሰ፣ ለሆሊውድ ፊልም ሦስት ብር ማን ይከፍላል? ቀጥሎ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ መጡ። «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» የሚል ወረቀት በየሱቁ በር ላይ ተለጠፈ። ማከራያውም ራሱ ለመኖር ሲል መጫን ጀመረ። አንድ ጊዜ የጫንክለት ሰው ግን ፊልሙን ሊመልስ አይመጣም፣ ለጎረቤቱ ያቀብላል እንጂ። ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ቃና ተከፍቶ እናቶቻችንን በቱርክ ድራማ ወሰዳቸው። መጨረሻ ላይ ቴሌግራም መጣ። አዎ፣ ይሄው አሁን እያነበባችሁበት ያለው ቴሌግራም። በሆሊውድ ፊልም ላይ በአማርኛ የሚተርክ ሰው ድምፅ የተጫነበት «ትርጉም ፊልም» በየቻናሉ እንደ ጉድ ይፈሳል። «እንጭናለን» ባዮቹም በተራቸው ተዘጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ማከራያው ጻድቅ አልነበረም። የውጭው ፊልም በሙሉ ማለት ይቻላል የተሰረቀ ቅጂ ነበር። የአማርኛውም ቢሆን አንድ ኦሪጅናል ተገዝቶ ከኋላ ክፍል ባለው ኮምፒዩተር አምስት ቅጂ ይወለድ ነበር። በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ሥራን በሽያጭም ሆነ በኪራይ ለሕዝብ የማሰራጨት መብት የሥራው ባለቤት እንደሆነ ይናገራል። ኪራይ የሚለው ቃል በግልጽ አለበት። ስለዚህ በሕጉ መሠረት ከእያንዳንዷ የኪራይ ብር ላይ ለፊልም ሠሪው የሚደርሰው ነገር መኖር ነበረበት። አልደረሰውም። ማከራያዎቹን የሚያሰባስብ፣ ፈቃድ የሚሰጥ፣ ክፍያ የሚሰበስብ ሥርዓት የሚዘረጋ አልተገኘም። አልፎ አልፎ ቁጥጥር ነን የሚሉ ሰዎች መጥተው ሲዲ በጆንያ ጭነው ይሄዳሉ፤ ሰንብቶ ሱቁ ይከፈታል። በዚህ መሀል ፊልም ሠሪው «ማከራያው በላኝ» ሲል፣ ማከራያው «ዲሹ በላኝ» ሲል ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ።

ለሌብነቱ እየተሟገትኩ አይደለም። ሌባም ቢሆን ዕቃውን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጥ ነበር ነው የምለው።

መደርደሪያውን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። የኛው አከራይ የትምህርት ቤት ደብተር ነበረው፤ በግራ ቁጥር፣ በቀኝ ርዕስ። መታወቂያ ታስይዛለህ፣ ዕድሜህ ካልደረሰ የእናትህን ስም ትናገራለህ። የአማርኛ ፊልም ሁለት ቪሲዲ ነበር፤ አንዱ ቪሲዲ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ። ልክ ሰውየው ሚስቱን ሊያገኛት ሲል ስክሪኑ ይጠቁራል፣ አንዱ ተነስቶ ክፍል 2ን ይከታል። ክፍል 2 ከተጫረ በሸሚዝ ይጠረጋል። ካልሠራ በጥርስ ሳሙና ይታሻል። ያም ካልሠራ መጨረሻውን አከራዩ ራሱ ቆሞ በቃል ይተርክልሃል፣ ሦስት ብርህን ግን አይመልስም።

ያ ሰው ፊልሞቹን ያያቸው ነበር። «ይሄ አይሆንህም፣ ለእህትህ ነው የሚሆነው» ይልሃል። ማንም ያላሰበውን ከቀበሌ አዳራሽ በቀር ያልታየ ፊልም «ይቺን እይልኝ» ብሎ በግድ ያስይዝሃል። አልጎሪዝም የሚባለው ይሄን ይሠራል ይላሉ። አልጎሪዝሙ ትናንት ያየሁትን ዓይነት ዛሬ ያመጣልኛል። የኛው ሰውዬ ትናንት ካየሁት ሊያላቅቀኝ ነበር የሚታገለው። ይሄን ነጥብ አላረዝመውም፣ ብዙ ሰው ብሎታል። የኔ ጉዳይ ሰውየው ሳይሆን ደብተሩ ውስጥ የነበረው ዝርዝር ነው።

ሰዎች ሁሌም የሚጠቅሱልኝ ብሎክበስተርን ስለሆነ እስቲ ወደ አሜሪካ እንሂድ። ብሎክበስተር በ1985 እ.ኤ.አ. ዳላስ ላይ በአንድ ሱቅ ጀመረ። በ2004 ከ9,000 በላይ ሱቆች ነበሩት። በ2000 ኔትፍሊክስ ራሱን በ50 ሚሊዮን ዶላር ሊሸጥለት ጠይቆ እምቢ ተብሏል። በመስከረም 2010 ብሎክበስተር መክሰሩን አሳወቀ። ዛሬ በስሙ የቀረችው አንዲት ሱቅ ኦሪገን ውስጥ ቤንድ የምትባል ከተማ ናት፤ ቱሪስት ፎቶ ይነሳባታል። ይሄ ታሪክ «የማይለወጥ ይሞታል» ለሚል የቢዝነስ ስብከት ተመችቶ በየሥልጠናው ይነገራል።

የማይነገረው ሌላው ግማሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቪዲዮ ማከራያ ሊኖር የቻለው በሕግ ነው። አንድን ቅጂ በሕጋዊ መንገድ ከገዛህ ያ ዕቃ ያንተ ነው፤ ብትሸጠው፣ ብታውሰው፣ ብታከራየው ስቱዲዮው ሊከለክልህ አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 በመጽሐፍ ጉዳይ የወሰነው ነው፣ በኋላ በሕግ ተጽፎ እስከ ዛሬ አለ። በመስመር ላይ የምታየው ፊልም ግን ዕቃ አይደለም፤ የማየት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ሲያልቅ ያልቃል። ዲዝኒ ፕላስ «ዊሎው» የተባለውን ተከታታይ ድራማ በኅዳር 2022 ማሳየት ጀምሮ በግንቦት 2023 ከነጭራሹ አወረደው። ስድስት ወር! ገንዘብ የወጣበት፣ ሰው የለፋበት ሥራ፣ በዲስክ እንኳ ሳይታተም። ማከራያ ቤት ስድስት ወር የቆየ ፊልም ገና አዲስ ነው።

ስለዚህ እዚያም የገባቸው ሰዎች ዕቃውን መያዝ ጀመሩ። ሲያትል ያለው ስኬርክሮው ቪዲዮ በ2014 በጎ አድራጎት ድርጅት ሆኖ ከ100,000 በላይ ርዕሶችን ይዞ ቀጥሏል። ሎስ አንጀለስ ያለው ቪዲዮትስ ተዘግቶ ከዓመታት በኋላ በ2023 አሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ ተከፈተ። ኒውዮርክ የነበረው ኪምስ ቪዲዮ ሲዘጋ 55,000 ገደማ የሚሆነው ስብስቡ ሲሲሊ ያለች ሳሌሚ የምትባል ከተማ ድረስ ተጭኖ ሄደ፤ እዚያም ተረስቶ ከቆየ በኋላ ወደ ኒውዮርክ ተመለሰ። ልብ በሉ፣ ስትሪሚንግን የፈጠረችው አገር ናት ዲስኩን የምትሰበስበው። እኛ ጎመን መደብ ላይ እንሰቅላለን።

ከነዚህ ሁሉ የሚቀርበን ደግሞ አለ፤ የኛው ሰው ነውና። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን በ1993 እ.ኤ.አ. ለበርሊን ፌስቲቫል አቀረበ። አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ኩባንያ አላገኘም። ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆኖ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳየው፤ ሕዝቡ ተሰለፈለት። ከዚያ ምን አደረጉ? ዋሽንግተን ዲሲ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ የፊልሙን ስም የያዘ የቪዲዮና የመጽሐፍ መደብር ከፈቱ። የራሳቸውን መደርደሪያ ሠሩ ማለት ነው። «ሳንኮፋ» ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በመስከረም 2021 ነው። ሒሳቡን አስሉት፤ 28 ዓመት። በነዚያ 28 ዓመታት ፊልሙን በሕይወት ያቆየው የቪዲዮ ካሴትና የሱቅ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ባይኖር ኔትፍሊክስ በ2021 ምኑን ያወጣ ነበር?

ይሄን ጥያቄ አሁን ወደ አዲስ አበባ ልመልሰው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚህች ከተማ በቪዲዮ ካሜራ የአማርኛ ፊልም እንደ አሸን ፈላ። ስማቸው የገነነው አሁንም አሉ፤ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ስትሉ፣ «ሰማያዊ ፈረስ» ስትሉ፣ «የወንዶች ጉዳይ» ስትሉ የማያውቅ የለም። የኔ ጭንቀት ስለነሱ አይደለም። ሲኒማ ቤት ሁለት ሳምንት ታይቶ በቪሲዲ ወጥቶ ማከራያ ቤት ለሁለት ዓመት የኖረው ስለዚያኛው ነው። ምርጥ ፊልም ነው አላልኩም። ብዙዎቹ ድምፃቸው ይንኳኳል፣ መብራታቸው ያስቃል፣ ሁሉም ሰው ያለቅሳል። ግን የዚያን ዘመን መገናኛ ከነትርምሱ፣ የዚያን ዘመን ሚኒባስ ከነረዳቱ ስድብ፣ የዚያን ዘመን ሳሎን ከነዳንቴሉ፣ ዛሬ ፈርሶ ፎቅ የበቀለበትን ካዛንቺስ የቀረጸው ሌላ ማን አለ? ቴሌቪዥኑ ስብሰባ ነበር የሚቀርጸው።

ፊልም ሠሪዎቹን ጠይቄ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነውና። «ማስተሩ የት አለ?» ስላቸው የሚሰጡኝ መልስ ይመሳሰላል። ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ። ኤዲተሩ ጋር ነበር፣ ኤዲተሩ ውጭ ሄደ። ቴፑን ለሌላ ሥራ ደግመን ቀረጽንበት። አንዱማ ሳቅ ብሎ «እኔም ማየት ስፈልግ ማከራያ ቤት ነበር የምሄደው» አለኝ። ይሄን ሲለኝ እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋ።

«ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚል ይነሳል፣ አውቃለሁ። የተወሰነው አለ። ግን ማን ጫነው? መብቱን የገዛ ነው ወይስ ያልገዛ? ሙሉ ነው ወይስ የቅጂ መብት ማጣሪያውን ለማምለጥ ጠርዙ የተቆረጠ፣ ሙዚቃው የተቀየረ፣ መሀሉ ላይ የቻናሉ ስም በትልቁ የተለጠፈበት? ነገ ባለቤት ነኝ የሚል አንድ ሰው አቤት ቢል ወይም ቻናሉ ቢዘጋ በአንድ ሌሊት 200 ፊልም አብሮ ይሄዳል። ቴሌግራሙም ያው ነው። የሰው ቤት ውስጥ ዕቃ አስቀምጦ «አለኝ» ማለት አይቻልም። ደግሞም ዩቲዩብ ላይ የሚወጣው ዕይታ የሚያመጣው ነው፤ «የፍቅር ምናምን ክፍል 2»ን ማንም አይጭናትም።

አሜሪካኖቹ ይሄን ስህተት ከኛ በፊት ሠርተውታል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት አገሪቱ ውስጥ ከተሠሩት ወደ 11,000 ከሚጠጉ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች በወጡበት መልክ ሙሉ ሆነው የተገኙት 14 በመቶው ብቻ ናቸው። ከጠፉት ብዙዎቹ ተቃጥለዋል፣ ሻግተዋል። ከሁሉ የሚያበግነው ግን ሆን ተብሎ የተጣለው ነው፤ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ስቱዲዮዎቹ አሮጌውን ዋጋ የለውም ብለው ውስጡ ያለውን ብር ለማውጣት ቀለጡት። እነሱ ብር አግኝተውበታል። እኛ ወፍ አባረርንበት።

ታዲያ ማን ይጠየቅ? የሰፈሩን አከራይ አልጠይቅም፣ እሱ ኪራይ ከፍሎ ግብር ከፍሎ ከስሮ ሄዷል። ፊልም ሠሪውን በግማሽ እጠይቀዋለሁ፤ ልጁን ወልዶ ጎረቤት ያሳድግልኛል ብሎ የተቀመጠ እሱ ነው። ወመዘክርን ደግሞ በሙሉ እጠይቃለሁ። መጽሐፍ ሲታተም ቅጂው እዚያ እንዲገባ የሚያስገድድ ሕግ ያለበት አገር ነው። ደራሲው ሦስት መቶ ቅጂ በገዛ ኪሱ ያሳተመው የግጥም መድበል ቁጥር ተሰጥቶት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ደግ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያየው ፊልም ግን ዘበኛ የለውም። ፊልም አስተምራለሁ የሚል ኮሌጅም አለ፤ ተማሪዎቹ ሂችኮክን ያጠናሉ፣ ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ ጎረቤታቸው የተቀረጸውን ፊልም ግን አይተው አያውቁም። ከየት ያዩታል?

የምጠይቀው ደግሞ ሙዚየም ይሠራ፣ ሪባን ይቆረጥ አይደለም። አንድ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒዩተር፣ ጥቂት ሃርድ ዲስክ፣ ሦስት ትዕግሥተኛ ልጆች። በቤት የተቀዳ ሲዲ ላዩ ላይ ያለው ቀለም በሙቀትና በፀሐይ ይሞታል፤ ከ1997 ጀምሮ በካርቶን የተቀመጠው ዛሬ ግማሹ ላይነበብ ይችላል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የባሰ ነው። ማከራያ የነበራችሁ፣ ወይም አባታችሁ ማከራያ የነበረው፣ ካርቶኑን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ደብተሩን ቢያንስ ፎቶ አንሱት። የርዕስ ዝርዝሩ ራሱ ዛሬ የትም የለም።

እማማ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር፣ ትናንት። አንድ ኪሎ ቡና ይዤ። የተሰቀሉትን አላወርድም አሉ፣ ጎመኑ ገና ነው። ግን ቆጥ ላይ ሁለት ካርቶን ነበራቸው፤ ልጃቸው ወደ ዱባይ ሲሄድ ትቶት የሄደው። «ውሰደው፣ አይጥ ሊወልድበት ነው» አሉኝ። ዛሬ ሌሊት ስቆጥረው 316 ዲስክ ሆነ፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 140 የሚሆነው አማርኛ ነው። አሥራ ዘጠኙ ክፍል 1 የሌላቸው ክፍል 2 ናቸው። ደብተሩም አለ፣ ሽፋኑ የለም እንጂ።

ችግሩ የኔ ላፕቶፕ የሲዲ ማንበቢያ የለውም። የማውቃቸውን ሁሉ ጠየቅኩ፣ የማንም የለውም። አሮጌ ዴስክቶፕ ወይም በኬብል የሚሰካ የሲዲ ድራይቭ ቤቱ የተቀመጠ፣ ለአንድ ወር ሊያውሰኝ የሚችል ሰው ካለ ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ። መታወቂያ አስይዛለሁ።